ቁልፉ ከልጄ ዘንድ ነው

እኔ ቁልፍ የማይሰጠኝ ሰው ነኝ። እንዲህ ብላ የፈረደችብኝ ልጄ ናት፤ የፈረደችውም ባልደረቦቼ ሁሉ በተሰበሰቡበት ነው። ያን ጊዜ በጣም ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ፍርዷ ትክክል ነበር፤ ቅጣቱም በሕይወቴ ከገጠሙኝ ደግ ነገሮች አንዱ ሆኖ ተገኘ።

የምሠራው እዚሁ ባሕር ዳር፣ የጣናን ነገር በሚከታተል አንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። ሳተላይት ያነሳውን የሐይቁን ምስል አወርዳለሁ፤ እንቦጩ የትኛውን ዳርቻ እንደያዘ ለይቼ በካርታ አወጣለሁ፤ ካርታው ለቀበሌዎቹ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ውሃ ውስጥ ገብቶ አረሙን የሚነቅለው ገበሬ ጉልበት ነው። ምስሎቹን የማወርደው ኮምፒውተሬ ላይ ጥቁር መስኮት ከፍቼ፣ ትእዛዝ በጽሑፍ እየሰጠሁ ነው። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ሥዕል ሥዕሉን እየተጫኑ መሥራት ስለለመዱ እንደ ጥንት ሰው ያዩኛል። ይዩኝ። ትእዛዝ ስጽፍ ያልሁትን ይሠራል፤ ያላልሁትን አይሠራም። ቤቴ ውስጥ እንዲህ የሚታዘዘኝ የለም።

ምስሎቹን የሚሰጠው አገልግሎት ማን መሆንህን ሳያውቅ አይሰጥህም። የሚያውቅህም በቁልፍ ነው። ቁልፍ ስል የብረቱን አይደለም፤ አንብበህ ትርጉም የማታገኝለት ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ፕሮግራሙ ምስል በጠየቀ ቁጥር ያን ድርድር ያሳያል፤ ድርድሩ እጁ የገባ ሁሉ አንተን ሆኖ መግባት ይችላል። እኔ ታዲያ የት አስቀመጥሁት? እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ማንም እንዲያየው አድርጌ።

ልጄ ያን ጊዜ ትምህርቷን ጨርሳ እኔው ክፍል በኮንትራት ተቀጥራ ነበር። ወንበራችን ጎን ለጎን ነው። «አባዬ፣ ይኸ እኮ የቤትህን ቁልፍ በሩ ላይ ሰክተህ ገበያ መሄድ ነው» አለችኝ። «ማን ያየዋል?» አልኋት። የሚያየው አልጠፋም። ፕሮግራሙን ለአንድ አስተማሪ ወዳጄ ሰጠሁት፤ እሱም በቅንነት ተማሪዎቹ እንዲማሩበት ብሎ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈው፤ ብዙም ሳይቆይ የማናውቃቸው ሰዎች በእኛ ስም የዓለምን ምስል ሁሉ ሲያወርዱ ተገኙ። አገልግሎቱ በሩን ዘጋብን። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ እንቦጩ የሚንሰራፋበት ጊዜ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ካርታ ሳናወጣ ቀረን። ስብሰባ ተጠራ፤ እኔ ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ፤ ልጄ ተነሣችና «ከእንግዲህ ለአባቴ ቁልፍ አይሰጠውም፤ ሲፈልግ ይጠይቅ» አለች።

የሠራችው አጋዥ ፕሮግራም ነው። ተከራይ በበዛበት ግቢ ሁሉም ቁልፉን ቤት ለምትውል አንዲት ሴት ትቶ እንደሚወጣው ማለት ነው። ምስል አውራጁ ፕሮግራም ቁልፉን እሱ ዘንድ አያስቀምጥም። ሲያስፈልገው አጋዡን ይጠራል፤ አጋዡ አምጥቶ ያቀብለዋል። የሚያቀብለውም ዋናውን ቁልፍ ሳይሆን ለአሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ የሚያገለግል ሌላ ቁልፍ ነው፤ ጊዜው ሲያልፍ አዲስ ይጠየቃል። ይህ ለማንም በቂ ነው። ለእኔ ግን አንድ ነገር ጨመረችበት፦ አጋዡ ቁልፍ ከመስጠቱ በፊት እሷን ያስፈቅዳል። ስልኳ ላይ «አባዬ ቁልፍ ይፈልጋል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ከሥሩ ለምን እንደፈለግሁት የጻፍሁት ምክንያት ይታያል፤ ከዚያ በታች ሁለት ምርጫ አለ፤ «ይሰጠው» እና «አይሰጠው»።

በቀን አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነበር የምጠይቃት። አንዳንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ዓሣ ስንበላ፣ ላፕቶፔን ከፍቼ ትእዛዝ እጽፋለሁ፤ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ይንጫጫል። እጇ በአዋዜ ተነካክቷል። «መጀመሪያ እባክሽ በል» ትለኛለች። ከጎናችን የተቀመጡ ሰዎች እየሰሙ «እባክሽ» እላለሁ፤ በትንሿ ጣቷ ትጫነዋለች። የዚያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አንዱን ምሳ እንኳ ብቻውን መልሱልኝ ብል የሚመልስልኝ የለም።

ከዚያ ድሬዳዋ ሥራ አገኘችና ሄደች። መሄዷን መርቄ ነው የሸኘኋት። አጋዡን የነካው የለም፤ ፈቃዱ እንደ ድሮው ከስልኳ ይመጣል። ዓመት ሳይሞላ ግን ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ተፈራርማ አገባች፤ እኛ የሰማነው ከፊርማው በኋላ ነው። ሽማግሌ የለ፣ ጥያቄ የለ። የባሏን ጨዋነት ሰው ሁሉ ይነግረኛል፤ እኔን ያቃጠለኝ እሱ አልነበረም። አንዲት ልጁ ስትዳር ያልተጠየቀ አባት መሆኔ ነው። ስልኩን አንሥቼ «ከእንግዲህ ከደጄ እንዳትደርሺ» አልኋት። እሷም የእኔው ልጅ ናትና አልለመነችኝም፤ «እሺ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእናቷ ጋር በየቀኑ ታወራለች፤ ከእኔ ጋር ግን አንድ ቃል አልተለዋወጥንም።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ከጻፍሁ በኋላ ነው ቁልፉ ከእሷ ዘንድ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ጥቁሩ መስኮት ላይ «ፈቃድ በመጠበቅ ላይ» ይላል። «አይሰጠው»ን ብትጫን ምን ልሆን ነው? ደግሞስ ምን ያግዳታል? ልጄን ከደጄ ከልክያት ስሄድ የእሷ ደጅ ላይ ቆሜ ተገኘሁ። ጥቂት ቆይቶ «ተሰጥቷል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ካርታውን ትቼ ወደ ሐይቁ በኩል ወዳለው መስኮት ዞርሁና ዓይኔን ጠራረግሁ።

ከወራት በኋላ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ኮምፒውተር ሰጠኝ። አጋዡን ወደ አዲሱ ሳዛውር አንዲት የፕሮግራሙ ቁራጭ ጠፍታብኝ ነበርና ራሴ እንደገና ጻፍኋት፤ ቁልፉ እስከ መቼ እንደሚያገለግል፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ለአውራጁ የምትነግረው ቁራጭ ናት። ከዚያ ወዲህ አጋዡ ለእያንዳንዱ ምስል ፈቃድ ይጠይቅ ጀመር። በቀን ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ። መጀመሪያ ያጠበቀችብኝ እሷ መስላኝ ነበር። አንድ ቀን ግን መስመር በመስመር ስመረምረው ጥፋቱ የራሴ ሆኖ አገኘሁት። የቀኑን ስሌት የወሰድሁት የሐይቁን ከፍታ ከምመዘግብበት አሮጌ ፕሮግራሜ ነው፤ እሱ የሚቆጥረው ደግሞ በእኛው ዓመተ ምሕረት ነው። አውራጁ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ስለዚህ ትኩስ ቁልፍ በተቀበለ ቁጥር ማብቂያውን ያይና ጊዜው ካለፈ ሰባት ስምንት ዓመት የሆነው ይመስለዋል፤ ይጥለውና ሌላ ይጠይቃል። በዓለም ላይ ይህን ስሕተት ሊሠራ የሚችል ከእኛ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ማስተካከሉ የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ጣቶቼን ከፊደል ገበታው ላይ አነሣሁና ፋይሉን ዘጋሁት። ሰበብ አላበዛም። ካስተካከልሁት ልጄን የማገኛት በቀን አንዴ ብቻ ሊሆን ነው፤ እኔ ደግሞ ናፍቃኛለች።

እንዲህ ሆኜ ከረምሁ። ፈቃዱ ከሚመጣበት ፍጥነት ውሎዋን ማንበብ ለመድሁ። ጠዋት ወዲያው ይመጣል፤ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ይዘገያል፤ ምሳ ላይ ናት እላለሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ሳይኖራት አይቀርም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታችን ሳሎን ተቀምጬ፣ ማንም ያልጠየቀኝን የዳርቻ ምስል አወርዳለሁ። ባለቤቴ «ሰንበት አይደለም እንዴ?» ትላለች። «አጣዳፊ ነው» እላለሁ። ውሸቴን ነው። የሚያጣድፈኝ እኔው ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ዱርቤቴ ካሉ ዘመዶቿ ዘንድ ውላ፣ ቅቤና ነጭ ገብስ አስጭና መጣች። ገብሱን ስታስለቅም፣ ስታስቆላ፣ ስታስፈጭ አያለሁ። ቀጥሎ የልጄን ክፍል ቀለም አስቀባች። እንዲህ ያለ ዱቄት ለምን እንደሚዘጋጅ የማያውቅ ሰው የለም፤ የአራስ ገንፎ ነው። «ስንት ወሯ ነው?» አልኋት፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ።

«ስድስት አልፏታል» አለችኝ። «የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለድ። እኔም እናቴ ቤት ነው የወለድኋት። መምጣት ትፈልጋለች፤ አንተን ነው የምትጠብቅ።»

«እኔ መች ከለከልኋት? ትምጣ፤ በሩ ክፍት ነው።»

«ለእኔ አትንገረኝ! በአፍህ ነው የከለከልሃት፤ በአፍህ ጥራት። ደግሞ ቶሎ በል፤ ወሯ ከገፋ አውሮፕላን አያሳፍራትም። በመኪናማ ያን ሁሉ መንገድ እንዴት አድርጋ ትመጣለች?»

እውነቴን ነው የምናገረው፤ እንድትመጣ የፈለግሁትን ያህል በሕይወቴ የፈለግሁት ነገር የለም። የልጅ ልጄ የመጀመሪያ ለቅሶ በዚያ ቀለሙ ባልደረቀ ክፍል ውስጥ ሲሰማ በሐሳቤ እያየሁት እውላለሁ። ስልኩን አነሣና እመልሰዋለሁ። ምን ብዬ ልጀምር? ተሳስቻለሁ ማለት ለሌላው ሰው ሦስት ሴኮንድ ይፈጅ ይሆናል፤ እኔ ግን ያን ዓይነት ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም። ራሷ ደፍራ ብትመጣ፣ በሩን ከፍታ ብትገባ፣ እኔም እንዳልተናገርሁ፣ እሷም እንዳልሰማች ሆነን ብናልፍ ብዬ ጠበቅሁ።

አንድ ጠዋት አጋዡ እንደ ልማዱ ምክንያት ጠየቀኝ። ብዙ ጊዜ «የሰሜን ዳርቻ» ወይም «የምሥራቅ ዳርቻ» ብዬ ነው የምጽፈው። ያን ቀን «ነይ» ብዬ ጻፍሁ። ሁለት ፊደል ናት። አንዲት ቁልፍ ብጫን ድሬዳዋ ላይ ስልኳ ውስጥ ትገባለች። አየኋት፤ አየኋት፤ አጠፋኋትና «የምሥራቅ ዳርቻ» ብዬ ጻፍሁ። «ተሰጥቷል» አለኝ ወዲያው። ሰባተኛው ወር አለፈ። ስምንተኛውም አለፈ። ባለቤቴ አንድ ማክሰኞ ዱቄቷንና ቅቤዋን ጠቅልላ፣ ለእኔ የሦስት ቀን ወጥ ሠርታ፣ ልጇን ልታርስ ራሷ ሄደች። አውሮፕላን ማረፊያ አደረስኋት። ስትሰናበተኝ «አሸነፍህ» አለች።

ቤቱ ለእኔ ብቻ ቀረ። ቀለም የተቀባው ክፍል በር ተዘግቷል፤ በዚያ በኩል ላለማለፍ በጓሮ በር መግባት ጀመርሁ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት ነው፤ የምዕራቡን ዳርቻ ላወርድ ተቀመጥሁ። አሥራ አንድ ምስል ነው። የመጀመሪያው ፈቃድ ዘገየ። ሁለተኛው ደግሞ ባሰበት። ሦስተኛውን ስጠብቅ ሻዬን ጠጥቼ ጨረስሁ። «ዛሬ ደግሞ ምን ነካት?» እያልሁ አጉረመረምሁ። እንዲያም ሆኖ አንዱም አልቀረም፤ አሥራ አንዱም «ተሰጥቷል» ተባሉ፤ የመጨረሻው ሲመጣ ቢሮው ለምሳ ባዶ ሆኖ ነበር። ካርታውን ሠራሁ፤ ላክሁ።

ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት፤ እያለቀሰች ትስቃለች።

«ተገላገለች! ሴት ናት! ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ ማርያም ምራታለች።»

«መቼ?» አልሁ።

«አሁን፤ ሰዓትም አልሆነው። ሌሊቱን ነው ምጧ የመጣው። አንተ ሰውዬ፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው ያለህ? ነርሷ ስልኩን ውሰጂላት ብትለኝ ከእጇ አልለቅም አለች። ምጡ ለቀቅ ባደረጋት ቁጥር ስልኩን ታያለች። ‹አባዬ ቁልፍ እየጠየቀ ነው፤ እኔ ካልሰጠሁት ሥራው ይቆማል› ትላለች። ሁሉንም ሰጥታህ፣ ስልኩን ለእኔ አቀብላኝ፣ ከዚያ ነው ወደ ማዋለጃው የገባች።»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልሁ። አሥራ አንድ ጊዜ። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት በየቀኑ ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ። ከደጄ ያባረርኋት ልጅ እኔን አንዴም ሳትከለክል ይሰጠው፣ ይሰጠው፣ ይሰጠው ስትል ከረመች፤ እኔ ለእሷ አንዲት ፈቃድ መስጠት አቃተኝ። በዚያ ላይ የጠየቅኋት ሥራው ግድ ብሎ እንኳ አይደለም፤ ዓመቱን አውቄ ስላላስተካከልሁት ነው። አፈርሁ። ራሴን ጠላሁት። ፋይሉን ከፈትሁና ያቺን መስመር አስተካከልኋት፤ የፈጀብኝ ይህን ከምናገርበት ያነሰ ጊዜ ነው። ከዚያ ሐሳቤን ሳልለውጥ ለባለቤቴ ደወልሁና «ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ» አልኋት።

ጥቂት ኮሽታ ሰማሁ፤ ከዚያ አተነፋፈሷን። ዓመት ከመንፈቅ ያልሰማሁት ነው።

«አባዬ» አለች በደከመ ድምፅ። «የምዕራቡ ዳርቻ ወረደልህ?»

«ዓመቱን አስተካከልሁት» አልሁ።

«የትኛውን? ያን ወደ ኋላ የቀረውን?»

«ታውቂ ነበር?»

«አዲሱን ኮምፒውተር ባገኘህ ሳምንት ነው ያወቅሁት። መዝገቡ እኮ እኔም ዘንድ ይታያል። እንዲህ ያለ ስሕተት ካንተ በቀር ማን ይሠራል?» ልትስቅ ጀመረችና አመማት መሰለኝ ተወችው። «ልነግርህ አስቤ ነበር። ከነገርሁህ ታስተካክለዋለህ፤ ከዚያ በቀን አንዴ ብቻ ነው የምትጠራኝ ብዬ ተውሁት።»

ከኋላዋ ቀጭን የሕፃን ለቅሶ ተሰማኝ። በዚያ በእኔ ቤት ክፍል ውስጥ ሊሰማ የነበረው ለቅሶ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኋት። «ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። የተናገርሁት ቃል ከአፌ ባይወጣ ኖሮ ደስ ባለኝ። ወደ ቤትሽ ነይ።»

ሕፃኗን «እሽሽ» እያለች ስታባብል ሰማሁ።

«አሁን እንዴት እመጣለሁ፣ አባዬ? አራስ ነኝ እኮ» አለች። እያለቀሰች ነው። «አንተ ና።»

ባሏን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ቤታቸው በየት በኩል እንደሆነ እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ማንም ሽማግሌ ሳይልክልኝ፣ ማንም መንገድ ሳያመቻችልኝ፣ የሰው ደጅ ላይ ቆሜ በር ላንኳኳ ነው።

«ባልሽስ ምን ይለኛል?» አልኋት።

«ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበልህ እሱ ነው» አለች።

«መጣሁ» አልሁ።